ታሚያ ቲቲ-02 ኪት፦ ከሞተሩ በፊት ኩሽኔታውን ግዙ

ሰላም ወገኖች፣ ይሄን የምጽፈው የመጀመሪያ የሪሞት መኪና ኪት፣ ማለት ክፍል በክፍል ራሳችሁ የምትገጥሙትን፣ ልትገዙ ላሰባችሁ፣ ወይ ገዝታችሁ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ምን ልጨምርበት እያላችሁ ላላችሁ ነው። እኔ የገዛሁት ታሚያ ቲቲ-02 ነው፣ የምኖረው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የገጠምነው ከ11 ዓመት ልጄ ጋ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ነዳነው፣ ሰበርነው፣ ጠገንነው፣ ከዛ ደሞ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ስሄድ ለእህቴ ልጅ ሁለተኛ ኪት ይዤለት ሄድኩ። ስለዚ ሁለት ጊዜ ገጥሜዋለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ያለ ቦታው ያወጣሁትን ብር ሁለተኛው ላይ አላወጣሁትም፣ እና ልነግራችሁ የፈለኩት ያንን ልዩነት ነው።

መኪናውን ለማታውቁት ባጭሩ ልበል። ታሚያ ሺዙኦካ ያለ የጃፓን ካምፓኒ ነው፣ ቀይና ሰማያዊ ላይ ሁለት ነጭ ኮከብ ያለበት አርማ፣ አይታችሁት ይሆናል። የመጀመሪያው ሪሞት መኪናቸው ፖርሽ 934 ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ። ቲቲ-02 ደሞ በ2013 ቲቲ-01ን ተክቶ የመጣ ነው። መጠኑ የእውነተኛ መኪና አንድ አስረኛ ነው፣ በአራቱም ጎማ ነው የሚጎትተው፣ ቀበቶ የለውም፣ ሞተሩ ኃይሉን በመሃል ዘንግ ለፊትና ለኋላ ዲፈረንሻል ያከፋፍላል፣ ሻንሲው እንደ ገንዳ ጎድጎድ ያለ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው። ለጀማሪ ከዚ የተሻለ አላየሁም፣ ለምን ብትሉ መለዋወጫው ሞልቷል፣ መመሪያው ሁሉን ነገር በስዕል ነው የሚያሳየው፣ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ራሱ ቁጥሩን እየተከተለ ይገጥመዋል። ልጄ ከ3ኛው ገጽ በኋላ እኔን መጠየቅ ትቶ ብሎን መርጦ ሲያቀብለኝ ነበር።

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ሳጥኑ ውስጥ የሌለውን ነው። ያለው ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ብዙ ጊዜ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮሉ፣ ቀለም ያልተቀባ ግልጽ ቦዲ፣ ስቲከር፣ ጎማና ቸርኬ፣ ከረጢት ከረጢት ሙሉ ብሎን። የሌለው ደሞ ሪሞቱ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲግናሉን ከሚቀበለው ከነሪሲቨሩ፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ፣ ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ቀለሙ። ስፒድ ኮንትሮል የሌለባቸው ኪቶችም አሉ፣ የሳጥኑን ጎን አንብቡ። እኔ ኪቱን 150 ዶላር ገዝቼ ጨረስኩ ብዬ ነበር፣ ከዛ ሪሞት 50፣ ሰርቮ 18፣ ባትሪ 30፣ ቻርጀር 40፣ ሁለት ጣሳ ቀለም 20፣ ኩሽኔታ 12፣ ካቻቢቴ 10፣ ደምሩት፣ መሬት ላይ እስኪሮጥ 330 ዶላር ነው የወሰደው። ይሄ ውድ ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን 150 ብቻ ይዛችሁ ለልጅ ቃል አትግቡ፣ ሳጥን ታቅፎ ሪሞቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ለልጅ ከባድ ነው፣ የኔን ልጅ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ተጨማሪው እንምጣ፣ መጀመሪያ የምላችሁ የመኪናው አካል እንኳን አይደለም፣ ካቻቢቴ ነው። የታሚያ ብሎን ራሱ ላይ ያለው መስቀል ቤታችን ያለው የፊሊፕስ መስቀል ይመስላል ግን አይደለም፣ ጂስ የሚባል የጃፓን ስታንዳርድ ነው። የፊሊፕስ ጫፍ ስታስገቡበት ሙሉ ለሙሉ አይቀመጥም፣ ጫን አርጋችሁ ስታዞሩት ሸርተት ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ደሞ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፣ ሁለት ሶስቴ እንደዛ ከሆነ ያ ብሎን ክብ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል፣ አይጠብቅም አይፈታም። የመጀመሪያው ኪት ላይ አራት ብሎን እንደዛ ሆነብኝ፣ አንዱን በፒንሳ ነቅዬ ነው ያወጣሁት። ቬሰል የሚባል የጃፓን ካቻቢቴ አለ፣ 2 ቁጥሩ ለ3 ሚሊ ብሎኖች ነው፣ ኪቱ ላይ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ጫፉ ብሎኑ ውስጥ ሲገባ ቀጥ ብሎ ይይዛል፣ አንድ እጃችሁን ብትለቁት ራሱ ብሎኑ ካቻቢቴው ላይ ይቆማል።

ሌላም አለ፣ እነዚ ብሎኖች የሚገቡት ጥርስ ያልወጣለት ፕላስቲክ ውስጥ ነው፣ ብሎኑ ራሱ እየቆረጠ ነው መንገዱን የሚያወጣው። ስለዚ አንድ ዙር አዙሩት፣ ሩብ ዙር መልሱት፣ እንደገና አዙሩት፣ ከከበዳችሁ ጫፉን ደረቅ ሳሙና ላይ ሸተት አርጉት። የብሎኑ ራስ ፕላስቲኩን ሲነካ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል፣ እዛ ጋ አቁሙ። የኤሌክትሪክ ድሪል የሚጠቀም ሰው አይቻለሁ፣ እባካችሁ አትሞክሩት፣ ሲፈጥን ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ብሎኑ ባዶውን ይሽከረከራል።

ኩሽኔታ። አባቴ ጋራዥ ነበረው፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዛ ነበር የምውለው፣ ኩሽኔታ በናፍጣ አጥቦ ጆሮው ጋ አስጠግቶ ሲያሽከረክረው ትዝ ይለኛል፣ ድምጹን ሰምቶ ነበር ይጣል ይግባ የሚለው። ስለዚ የቲቲ-02ን ሳጥን ከፍቼ በኩሽኔታ ቦታ የፕላስቲክ ቡሺንግ ሳይ ገረመኝ። ዋጋ ለመቀነስ ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ቡሺንግ ማለት ብረቱ ዘንግ ፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ እየተፋተገ ይዞራል ማለት ነው። አቧራ ሲገባ ያ ቀለበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጎማው ይላላል፣ ሞተሩ ያንን ሁሉ ፍትጊያ ለማሸነፍ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይሞቃል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ሰው ደሞ መኪናዬ ቀሰስተኛ ነው ብሎ ትልቅ ሞተር ሊገዛ ይሄዳል።

ልኩ 1150 ነው የሚባለው፣ ውጪው 11 ሚሊ፣ ቀዳዳው 5 ሚሊ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ። ለያንዳንዱ ጎማ ሁለት ይገባል፣ የቀረው ዲፈረንሻሉና ማርሹ ውስጥ ነው። ለቲቲ-02 ተብሎ ሙሉ ስብስብ ሆኖ ይሸጣል፣ ነጠላ ነጠላ እየቆጠራችሁ እንዳትገዙ። ሁለት ዓይነት ክዳን ያለው አለ፣ የብረትና የጎማ፣ የጎማውን ውሰዱ፣ አቧራ የሚከለክለው እሱ ነው። ልጄን ላሳየው ብዬ አንዱን ጎማ በቡሺንግ አንዱን በኩሽኔታ ገጠምኩለትና በጣትህ አሽከርክር አልኩት። የቡሺንጉ አንድ ዙር ዞሮ ቀጥ አለ። የኩሽኔታው እሱ ቁጭ ብሎ እያየው ዞረ፣ ዞረ፣ ድምጽ የለውም፣ መጨረሻ ላይ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ትንሽ ተመልሶ ቆመ። አባቴ ያኔ ያስተማረኝን ነገር አሜሪካ ሳሎን ውስጥ ለልጄ እንደዚ እያሳየሁት ነው ብዬ ሳስብ ዝም ነው ያልኩት፣ አባቴ ይሄን ቢያይ ደስ ይለው ነበር።

እና ለምን በመጀመሪያ ቀን ግዙት እላለሁ፣ ምክንያቱም ኩሽኔታ በኋላ እጨምረዋለሁ የሚባል ነገር አይደለም። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው፣ ማርሹ ውስጥ ነው፣ ጎማ ማቀፊያው ውስጥ ነው፣ ከተገጠመ በኋላ መቀየር ማለት መኪናውን እንዳለ መፍታት ማለት ነው፣ ፕላስቲክ ደሞ ብሎን በገባና በወጣ ቁጥር መያዣው እየላላ ነው የሚሄደው። 12 ዶላር ነው። ከዚ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ።

ሪሞት ላይ ብዙ አልልም፣ 2.4 ጊጋኸርዝ የሆነ፣ ሽጉጥ የሚመስል፣ ባለሁለት ቻናል፣ ማለት አንዱ ለመሪ አንዱ ለጋዝ፣ ወይ ሶስት ቻናል በቂ ነው። ድሮ በ27 ሜጋኸርዝ ክሪስታል የሚሠሩ ነበሩ፣ ጎረቤት ተመሳሳይ ካለው ይጋጫል፣ አሮጌ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትገዙ። ሲከፈት ሪሞቱ ይቅደም፣ ሲዘጋ መኪናው ይቅደም፣ ይሄን ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ይልመደው፣ ሪሞቱ ጠፍቶ መኪናው በርቶ ከሆነ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ፌይልሴፍ የሚባለውንም አስተካክሉት፣ ሲግናል ሲቋረጥ ጋዙን እንዲለቅ።

ሰርቮ ግን ላይ አትቆጥቡ፣ ውስጡ የብረት ጥርስ ያለው ይሁን፣ መኪናው ድንጋይ ሲመታ መጀመሪያ የሚሰበረው የፕላስቲክ ጥርሱ ነው። የሰርቮው ራስ ላይ ያለው ጥርስ ቁጥር እንደ ካምፓኒው ይለያያል፣ ፉታባ 25 ነው፣ ሳንዋ 23፣ ሃይቴክ 24፣ አሁን የሚሸጡት ርካሾቹ ብዙዎቹ 25 ናቸው። ኪቱ ውስጥ ያለው ሰርቮ ሴቨር፣ ማለት ሰርቮውን ከመሪው የሚያገናኘው፣ ለስላሳ ነው፣ መሪ ስታዞሩ ግማሹን ራሱ ይውጠዋል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ታሚያ ራሱ ጠንካራውን ይሸጣል፣ የክፍል ቁጥሩ 51000፣ ጥቂት ዶላር ናት፣ በለውጡ በጣም ነው የተደሰትኩት። እና አደራ፣ ሰርቮውን ከመግጠማችሁ በፊት ሪሲቨርና ባትሪ ሰክታችሁ አብሩት፣ የሪሞቱ ትሪም፣ ማለት መሪውን ግራና ቀኝ የሚያስተካክለው ቁልፍ፣ መሃል ላይ ይሁን፣ ሰርቮው ራሱ መሃሉን ያገኛል፣ ከዛ ነው ሰርቮ ሴቨሩ የሚታሰረው። እኔ ይሄን ዘልዬ ገጠምኩና መኪናው ወደ ግራ እየጎተተ አስቸገረኝ፣ ያንን ሁሉ መልሼ ፈታሁ።

ባትሪ ላይ ረጋ እንበል፣ እዚ ጋ ነው አደጋ ያለው። ሁለት ምርጫ አለ። ኒኬል የሚባለው፣ 7.2 ቮልት፣ 6 ሴል፣ ጠንካራ ነው፣ ብትጥሉት ብትረሱት ይችላል፣ ለልጅ የመጀመሪያ ባትሪ እሱ ነው የምመርጠው፣ 3000 ሚሊአምፕ አካባቢ ያለውን። ሌላው ሊፖ ነው፣ ሁለት ሴል፣ 7.4 ቮልት፣ ሙሉ ሲሆን 8.4። ሊፖ ቀላል ነው፣ ኃይሉ እስከ መጨረሻው አይወርድም፣ መኪናው ሌላ መኪና ነው የሚመስለው። ግን እያንዳንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል፣ ስለዚ ስፒድ ኮንትሮላችሁ የሊፖ መቁረጫ እንዳለው አረጋግጡ፣ ከሌለው ከባላንስ ገመዱ፣ ማለት ከየሴሉ ከሚወጣው ቀጭን ገመድ፣ ላይ የሚሰካ ትንሽ ጯሂ አለ፣ ቮልቱ ሲወርድ ይጮሃል፣ ያንን ግዙ። ቻርጅ ስታደርጉ ሴሎቹን እኩል በሚሞላው በባላንስ፣ አምፑ ከባትሪው መጠን እኩል፣ 5000 ሚሊአምፕ ከሆነ በ5 አምፕ። ትታችሁት እንዳትወጡ፣ ተኝታችሁም እንዳታደርጉት። የማትነዱበት ሳምንት ከሆነ ሙሉ አርጋችሁ አታስቀምጡት፣ ስቶሬጅ የሚል አለ ቻርጀሩ ላይ፣ በሴል 3.8 አካባቢ ያረገዋል። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ በቃ፣ ቻርጅ አይደረግም።

የባትሪ ቅርጽም እዩ። ቲቲ-02 የባትሪ ቦታው የተሠራው ጠርዙ ክብ ለሆነው ለድሮው ዓይነት ነው። እኔ ከአንድ የኦንላይን ሻጭ ለቲቲ-02 ይሆናል ተብሎ የተጻፈበት ሊፖ ገዛሁ፣ ሲመጣ ጠርዙ አራት ማዕዘን ነው፣ አይገባም። ልመልስ ስል ባትሪ አንመልስም አሉኝ። 45 ዶላር። ሻንሲውን በሞረድ ልከርክረው ብዬ አስቤ ተውኩት፣ የአዲስ መኪና ሻንሲ ለባትሪ ብሎ መቁረጥ አንጀቴ እሺ አላለኝም። ስለዚ ፎቶውን አጉልታችሁ ጠርዙን እዩ።

አሁን አሉሚኒየሙ። ኪት የገዛ ሰው ሁሉ ሁለተኛ ቀን ላይ የሚያየው ማስታወቂያ አለ፣ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ሙሉ አሉሚኒየም ፓኬጅ ለቲቲ-02፣ ጎማውን ከሻንሲው ከሚያገናኘው ከፊት አርም እስከ ኋላ፣ 60 ዶላር። ገዛሁ። ሲመጣ ያምራል፣ ልጄ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ፎቶ አነሳው። ስንገጥመው ሁለት ቀዳዳ ትይዩ አይደለም፣ ኩሽኔታ የሚገባበት ጠቦ በግድ ነው የገባው፣ በግድ የገባ ኩሽኔታ ደሞ አይዞርም፣ ያ 12 ዶላር የከፈልኩበት ለስላሳነት ጠፋ። የባሰው ግን በኋላ ነው የመጣው። ፓርኪንግ ውስጥ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መታ፣ ብዙ ፍጥነትም አልነበረው። አሉሚኒየሙ አርም ምንም አልሆነም። የሆነው አርሙ የታሰረበት የሻንሲው ቀዳዳ ነው፣ ተቀደደ።

ይሄን ነው ያልገባኝ የነበረው። ፕላስቲኩ አርም ሲመታ ይታጠፋል፣ ካልቻለ ይሰበራል፣ ጥቂት ዶላር አውጥታችሁ አራት ብሎን ፈታችሁ ትቀይሩታላችሁ። ብረት ሲሆን ግን ምቱን አይውጠውም፣ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል፣ ውስጥ ያለው ሻንሲው ነው፣ ሻንሲ ሲቀየር ደሞ መኪናው ባዶ እስኪሆን ነው የሚፈታው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ወሰደብን። ከዛ በኋላ ፕላስቲኩን አርም መለስኩት፣ አሁን ሁለት ትርፍ ሳጥኑ ውስጥ አለኝ። ብረት በፍጹም አትግዙ አልልም፣ የሞተሩን ሙቀት የሚያወጣው ላይ፣ የመሃል ዘንጉ ላይ፣ ትክክለኛ ልክ ያለው ከሆነ መሪው ላይ ይጠቅማል፣ እነሱ ከውጪ አይመቱም። ምት የሚቀበለው ቦታ ግን ፕላስቲክ ሆኖ ይቆይ። ብረት ከብረት የሚገናኝበት ብሎን ላይ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ አርጉ፣ ቀዩን አይደለም፣ ቀዩ ካለ እሳት አይፈታም። ፕላስቲክ ላይ ደሞ ጭራሽ አይደረግም፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

ሞተር ልቀይር ለምትሉ። ኪቱ ውስጥ ያለው ብርማ 540 ሞተር ነው፣ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከበቂ በላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅ በመጀመሪያው ቀን መኪናው ወደሱ ሲመጣ ግራና ቀኝ ይገለበጥበታል፣ ያንን እስኪለምድ ፍጥነት ጥቅም የለውም፣ የሚሰበረውን ነገር ማብዛት ነው። ትንሽ ፍጥነት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ፒንየኑን ቀይሩ። ኪቱ ውስጥ ሞተሩ ላይ የምትገባው ባለ 22 ጥርስ ናት፣ ትልቁ ማርሽ 70 ነው፣ ውስጥ ያሉት ማርሾች ተቆጥረው ጠቅላላ ሬሾው 8.27 ይመጣል። ሁለት ወይ ሶስት ጥርስ ብትጨምሩ ልዩነቱ ይታያል። ግን ከጨመራችሁ በኋላ አምስት ደቂቃ ነድታችሁ አቁሙና ሞተሩን በጣት ንኩት፣ ጥቂት ሰከንድ ጣታችሁን ማቆየት ካልቻላችሁ በዝቷል፣ አንድ ጥርስ መልሱ። ብረሽለስ የሚባል፣ ብሩሽ የሌለው ሞተር ደሞ አለ፣ በጣም ይፈጥናል፣ ግን እሱን ስታስገቡ የመሃል ዘንጉ ፕላስቲክ ነው፣ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች መያዣም እንደዛው፣ አንዱን ክፍል ስታጠነክሩ ቀጣዩ ይሰበራል፣ ወጪው አያልቅም። እሱን ለሁለተኛው ዓመት።

ሾክ ግን ቀይሩ፣ ከኩሽኔታ ቀጥሎ ሁለተኛው የማልጸጸትበት ወጪ ነው። ብዙዎቹ ቲቲ-02 ኪቶች የሚመጡት ዘይት በሌለው ሾክ ነው፣ ስፕሪንግና ፕላስቲክ ብቻ፣ አስፓልቱ ትንሽ ስንጥቅ ካለው መኪናው እንደ ኳስ ይነጥራል። የዘይቱን አራት ገዝታችሁ ስትሞሉ አትቸኩሉ፣ ፒስተኑን ቀስ አርጋችሁ ወደ ላይ ወደ ታች አርጉት፣ አረፋዎቹ አንድ አንድ እያሉ ይወጣሉ፣ ትንሽ አቁሙት፣ ሁሉም ሲወጣ ነው ክዳኑ የሚዘጋው። አረፋ ውስጥ ከቀረ አንዱ ጎን ለስላሳ አንዱ ጎን ጠንካራ ሆኖ መኪናው ያጋድላል። በደንብ ከተሞላ ከጉልበታችሁ ቁመት ብትለቁት ጠብ ብሎ ይቀመጣል፣ አይነጥርም።

ጎማው የኪቱ ደረቅ ነው፣ ለመልመድ ጥሩ፣ መንሸራተት ያስተምራል። ስትቀይሩ 12 ሚሊ ሄክስ፣ ማለት ባለ ስድስት ጎን መያዣ፣ የሚል የአንድ አስረኛ አስፓልት መኪና ጎማ ፈልጉ። ጎማውን ከቸርኬው ጋ በሱፐር ግሉ አጣብቁት፣ ካልተጣበቀ ጋዝ ስትሰጡ ቸርኬው ለብቻው ይዞራል።

ቦዲው ግልጽ ፖሊካርቦኔት ነው፣ ቀለሙ የሚቀባው ከውስጥ ነው፣ ይሄን ስንቱ ሳያውቅ ከውጪ ቀብቶ በመጀመሪያው ግጭት እንደተላጠበት። የታሚያ ፒኤስ የሚለውን ጣሳ ግዙ፣ ቲኤስ የሚለው ለሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፣ ጣሳዎቹ ይመሳሰላሉ ተጠንቀቁ። መጀመሪያ በእቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ የመስኮቱን ማስክ ከውስጥ ለጥፉ፣ ስስ ስስ አርጋችሁ ደጋግሙ። ሁለት ቀለም ከሆነ ጠቆር ያለው ይቅደም፣ ምክንያቱም የምናየው ከውጪ ስለሆነ ቀድሞ የተቀባው ነው ፊት ለፊት የሚታየው። በመጨረሻ ውጪው ላይ ያለውን ስስ ላስቲክ ስትገፉት ከስሩ የሚወጣው ብሩህ ቀለም፣ ያቺን ደቂቃ ለልጁ ተዉለት። የኔ ልጅ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነበር የፈለገው፣ ሶስቱንም ቀባነው፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሌላ ማንም የለውም።

አዲስ አበባ ልትወስዱ ያሰባችሁ ይሄን እወቁ። ለብቻው ያለ የሊቲየም ባትሪ፣ ሊፖም እሱ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚያዘው፣ ጫፉን በፕላስተር ሸፍኑት። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ችግር የለውም፣ የኛ ባትሪ 7.4 ቮልት በ3.2 አምፕ ሰዓት ሲባዛ 24 እንኳን አይሞላም። ስፕሬይ ቀለም ግን በሻንጣም በእጅም አይፈቀድም፣ ስለዚ ቦዲውን እዚ ቀብቼ ነው የሄድኩት። ቻርጀር ስትመርጡ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚለውን፣ እና ደሞ 12 ቮልት የሚቀበለውን፣ መብራት ሲጠፋ ከመኪና ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል። እህቴ ቤት ሁለቴ ተጠቅመንበታል።

ያላሰብኩት ኮብልስቶኑን ነው። እህቴ ሰፈር መንገዱ ሙሉ ኮብልስቶን ነው፣ ቲቲ-02 ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፣ አምስት ሜትር ሳይሄድ ጎማው ድንጋይና ድንጋይ መሃል ገባ። ልጁ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እኔም አንጀቴ ተላወሰ፣ ያን ያህል መንገድ አምጥቼለት። ዞረን ዞረን የኮንዶሚኒየሙን ግቢ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አገኘን፣ ሲሚንቶ ነው፣ እዛ ላይ እንደ ልቡ ይሮጣል፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ተራ ይዘው ነው የሚነዱት። ግን ለሀገር ቤት የምትገዙ ከሆነ ሰፈሩ ምን ዓይነት መሬት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ አስፓልት ወይ ሲሚንቶ ሜዳ ከሌለ ቲቲ-02ቢ የሚባለውን ውሰዱ፣ ያው አንድ ቤተሰብ ነው ግን ባጊ ነው፣ ከፍ ያለ፣ ጎማው ትልቅ። ሜዳ እያለ አቧራ ለሚበዛበት ደሞ ያ የጎማ ክዳን ያለው ኩሽኔታ ግዴታ ነው፣ ከሶስት ወር በኋላ በቪዲዮ ጎማውን እንዲያሽከረክርልኝ ጠየኩት፣ ስልኩን አስጠግቶ አሽከረከረው፣ ድምጽ የለውም።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደውሎ የፊት ግራ ጎማ ማቀፊያው እንደተሰነጠቀ ነገረኝ፣ የቅርጫቱን ምሰሶ መቶ ነው። ፕላስቲኩ ነው፣ ሁለቱ ብሎን ተፈቶ ይቀየራል፣ እንዴት እንደሚፈታ መመሪያው ላይ ገጹን አሳይቼዋለሁ፣ ካቻቢቴውም እሱ ጋ ነው። ትርፉን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ በዚ ሳምንት የሚሄድ ሰው እየፈለኩ ነው።